የአንገት ጠፍር ለጠየቅሽው እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት የኔን ስሚ

«ክሮስ ካንትሪ ዝላይ (ሜዳ ላይ ግንድና ውሃ በፈረስ መዝለል) ልጀምር ነው፣ የትኛው የአንገት ጠፍር ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ ፈረሱ አንገት ላይ ታስሮ ጋላቢው የሚይዘውን ማለትሽ ነው። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ ለማይረባ ጠፍር ያወጣሁት 45 ፓውንድ ትዝ ሲለኝ ግን አላስችል አለኝ። አንቺም እንደኔ የሰው ፈረስ የምትጋልቢ ይመስለኛል።

1ኛ፦ ላስቲክ ያለበትን አትግዢ። ጠፍሩ የሚፈለገው ፈረሱ ለዝላይ ሲነሣ ወደ ኋላ ብትቀሪ ዛቡን ስበሽ አፉን እንዳታሳምሚው ነው። የሚለጠጥ ከሆነማ ምኑን ያዝሽው?

2ኛ፦ ዛቡን እንደያዝሽ አንድ ወይ ሁለት ጣት የምትሰኪበት ቦታ ላይ ይረፍ። ትከሻው ላይ ከወረደ ጌጥ ነው። እጅሽን አሾልከሽ ግን አታስገቢ፣ ስትወድቂ ይጎትትሻል።

3ኛ፦ ከኮርቻው የፊት ቀለበት ጋር በትንሽ ጠፍር እሰሪው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አባቴ የእንጅባራ ሰው ነው፤ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል ሽምጥ ሲጋልብ የኖረ። ጠፍር ልገዛ ነው ብዬ ስደውልለት «የምትይዢው ጋማው የት ሄደና ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ተላጭቶ ነዋ! እዚህ እንግሊዝ አገር የምጋልበው ፈረስ ጋማው ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ ነው። ሱቅ ሄጄ ስፖንጅ ያለው፣ የሚያምር ናይለን መረጥኩ። «ከኮርቻ ጋር ማሰር አያስፈልገውም?» ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ኖ» አለኝ። አመንኩት።

ልምምዱ ቀን ረፍዶብኝ መኪናው ጎን እየሮጥኩ አጠለቅኩለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነበር። ሁለቱን ግንድ በሰላም ዘለልን። ውሃው ጋ ስንደርስ ፈረሱ ሊያይ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ጠፍሩ ተንሸራቶ ጆሮው ሥር ደረሰ። እጄ ባዶ ቀረ። እሱ ዘሎ ገባ፣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና በዛቡ ተንጠለጠልኩ። እኔስ ረጥቤ ተነሣሁ፤ ፈረሱ ግን ከዚያ በኋላ ውሃ ሲያይ መቆም ጀመረ። መልሶ እስኪያምነኝ 4 ወር ፈጀብን፣ የአሰልጣኙን ሒሳብ አልቆጥረውም። የፈረሱ ባለቤት ሴትዮ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠፍሩን ልመልስ ስሄድ ያው ሰውዬ «ፀጉር ነክቶታል» አለኝ። የፈረስ ዕቃ የፈረስ ፀጉር ሳይነካው ሊመለስ ነው? ጭራሽ «ጀማሪ ስለሆንሽ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

አሁን የምጠቀመው ባለቤቲቱ የሰጡኝን አሮጌ የእርካብ ጠፍር ነው፣ በነፃ። ቆዳው የተሰነጣጠቀ አለመሆኑን ብቻ እዪ። ቆዳ የምመርጠው ፈረሱ የሆነ ነገር ላይ ቢያዝ ከናይለን ይልቅ የመበጠስ ዕድል ስላለው ነው። ፈረስሽ ማርቲንጌል (ራሱን ከልክ በላይ ሽቅብ እንዳያነሣ የሚይዘው ጠፍር) የሚያደርግ ከሆነ የዚያው የአንገት ጠፍር ይበቃሻል፣ ሌላ አትደርቢ። እና ሣር ሊግጥ ስትለቂው አውልቂለት፣ እግሩን እንዳያስገባበት።

ባለፈው መስከረም መሰናክሉ 80 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለውን ውድድር ጨረስን፤ ውሃውንም አንዴ ሳይቆም ገባልኝ። ቪዲዮውን ለአባቴ ላክሁለት። «አሁንም ጠፍሩን ይዘሻል» አለኝ።