ብየዳ ለመማር ላሰባችሁ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች እየደወሉ ስለ ብየዳ ሙያ የሚጠይቁኝ ወገኖች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከማሽን ነው፤ በሌዘር የሚበይደው አዲሱ መሣሪያ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ገዝተው ሥራ ቢጀምሩ ያዋጣቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተዛብቷል። መጀመሪያ በበያጅነት፣ ኋላም በብየዳ ተቆጣጣሪነት ረጅም ዓመታት የሠራሁ እንደመሆኔ የምመክረው፣ ያላችሁን ገንዘብና ጊዜ ከማሽኑ በፊት በፈተናው ላይ እንድታውሉ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ኢንዱስትሪው ወዴት እያመራ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ቁራጭ ሳይለወጥ የሚደጋገምበት ሥራ ከሰው እጅ ከወጣ ቆይቷል። የአንድ የቤት መኪና አካል በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ የነጥብ ብየዳዎች የተያያዘ ሲሆን፣ ሁለት የመዳብ ጫፎች ላሜራውን ከሁለት ወገን ጨብጠው ከፍተኛ ኮረንቲ የሚያሳልፉበትን ይህን ሥራ በትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚያከናውኑት ሮቦቶች ናቸው። ወፍራም ብረት በሚበየድበት በመርከብ፣ በትልልቅ ቱቦዎችና በነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ሥራ ደግሞ እሳቱ በዱቄት ተሸፍኖ ከዓይን ተሰውሮ የሚሠራው የዱቄት ውስጥ ብየዳ አለ፤ በዚህም የሰውየው ድርሻ ማሽኑን ማስተካከልና መከታተል ነው። አሉሚኒየምን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የብየዳ ተቋም የተፈለሰፈው የማማሰል ሰበቃ ብየዳ (friction stir welding) ብዙ ነገር ለውጧል። የሚሽከረከር የብረት ጫፍ በሁለቱ ቁራጮች መጋጠሚያ ውስጥ እየገባ በሰበቃ ሙቀት ያለሰልሳቸውና ሳይቀልጡ ያዋህዳቸዋል። ብረቱ ስለማይቀልጥ፣ የቀለጠ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ የሚያመጣው የአየር ቀዳዳና ስንጥቅ አብዛኛው ይወገዳል። ናሳ በኒው ኦርሊንስ በሚገኘው የሚሹድ ፋብሪካ የኤስኤልኤስ ሮኬትን የነዳጅ ታንኮች የሚገጣጥመው በዚህ ዘዴ ነው፤ የባቡር ሠረገላና የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ ማቀፊያ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። ብየዳ ማያያዣ ብቻ መሆኑ እንኳ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በአምስተርዳም ለእግረኛ የተከፈተው 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የብረት ድልድይ የተሠራው ሮቦቶች የብየዳ ሽቦ በንብርብር እየደረደሩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ኮቦት» የሚባለው፣ ከሰው ጎን ሆኖ የሚሠራው ትንሽ ሮቦት በአነስተኛ ጋራዦችም መታየት ጀምሯል። ሠራተኛው የማሽኑን ክንድ በእጁ ይዞ መነሻውንና መድረሻውን ያሳየዋል፤ ማሽኑም መንገዱን ይዞ ይደግመዋል። ይሁን እንጂ የቶርቹን፣ ማለትም የብየዳ እጀታውን አያያዝ፣ የሽቦውን ፍጥነትና የጋዙን ድብልቅ የሚወስነው ሰው ነው፤ ብየዳው ላዩ አምሮ ውስጡ ሳይያያዝ ቢቀር የሚለየውም ቀድሞ በገዛ እጁ የበየደ ሰው ነው። አሠሪዎች ለኮቦቱ በመጀመሪያ የሚፈልጉት የኮምፒውተር አዋቂ ሳይሆን ጥሩ በያጅ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለሰው የቀረውና ወደፊትም የሚቆየው፣ ቦታው የማይመች፣ ቅርጹ የማይደጋገምና ስህተቱ አደጋ የሚያስከትል ሥራ ነው። የነዳጅ ማጣሪያና የኃይል ማመንጫ ቱቦዎች፣ የመርከብ ግንባታና ጥገና፣ የሕንፃ አጥንቶች፣ የምግብና የመድኃኒት ፋብሪካዎች የማይዝግ ብረት ቱቦዎች የዚህ ወገን ናቸው። ወደዚህ ሥራ የሚያስገባው በር ደግሞ ፈተና ነው።

ከፈተናዎቹ ሁሉ የሚታወቀው 6ጂ የሚባለው የቱቦ ፈተና ነው። ጫፋቸው በማዘንበል የተሞረደ ሁለት የቱቦ ቁራጮች 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት በመካከላቸው ተትቶ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብለው ይታሰራሉ። ከታሰሩ በኋላ ቱቦውን ማዞርም ሆነ ማውረድ ክልክል ነው፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ከታች ተንጋልሎ ይጀምራል፣ ወደ ጎኑ ሲወጣ ይንበረከካል፣ ከላይ ሲደርስ ቆሞ ይጨርሳል፤ የቶርቹ ማዕዘን በእያንዳንዷ ጣት ርቀት ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ንብርብር በአርጎን ጋዝና በተንግስተን ዘንግ በሚሠራው ቲግ ይበየዳል፤ የቀረው 7018 በሚባለው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ሽፋን ባለው የብየዳ ዘንግ ይሞላል። ከዚያ ከብየዳው ላይ ጠባብ ቁራጮች ተቆርጠው፣ ሁለቱ ጫፎቻቸው ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ በማሽን ይታጠፋሉ። በተለጠጠው ገጽ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ከተከፈተ ተፈታኙ ወድቋል፤ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የሥልጠና ትምህርት ቤት ስትመርጡ አዳራሹ ውስጥ ስንት አዳዲስ ማሽኖች እንዳሉ ከመቁጠር ይልቅ፣ ተማሪው በሳምንት ስንት ቱቦ እንደሚሰጠውና የበየደው ቁራጭ ተቆርጦ እየታጠፈ ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። ብረት የሚቆጥብ ትምህርት ቤት በያጅ አያወጣም።

ክፍያን በተመለከተ ራሳችሁን በወሬ አታታልሉ። በአሜሪካ የበያጆች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 50 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚበልጠው የቱቦ በያጁ፣ ከአገር አገር የሚዘዋወረውና ትርፍ ሰዓት የሚሠራው ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ውኃ ውስጥ ብየዳ የሚነገረውን ሰምተው የሚደውሉልኝም አሉ። ያ ሰው በቅድሚያ ሙያው ጠላቂነት ነው፤ ከሥራ ሰዓቱም ብየዳ የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን የሥራው አደጋም የሚመጣው በአመዛኙ ከመጥለቁ ነው።

በአሜሪካ የምትኖሩ፣ በብድር የግል ትምህርት ቤት ከመግባታችሁ በፊት ደመወዝ እየተከፈላችሁ የምትማሩበትን መንገድ ፈልጉ። የቧንቧና የቱቦ ሠራተኞች ማኅበር የሚሰጠው ሥልጠና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የብረት ገጣሚዎችና የቦይለር ሠራተኞች ማኅበራትም የየራሳቸው ሥልጠና አላቸው። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ ለሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ በኒውፖርት ኒውስ የመርከብ ግንባታ ድርጅት ሥር እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው የሙያ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ተማሪው ሳይከፍል፣ እንዲያውም እየተከፈለው ይማራል። ድርጅቱ የባሕር ኃይል መርከቦች ስለሚሠራ የዜግነት ጉዳይ ሊነሳ ይችላል፤ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት አጣሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ በርካታ ጎበዝ በያጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። የብየዳ ብቃት ማረጋገጫ ልክ እንደ ዲፕሎማ የዕድሜ ልክ አይደለም። በአሜሪካ ደንቦች አንድ በያጅ በተፈተነበት የብየዳ ዓይነት ስድስት ወር ሳይሠራ ከቆየ ማረጋገጫው ይቋረጣል፤ በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች በሚሠራበት አይኤስኦ 9606 በተባለው የበያጆች ፈተና ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ በየስድስት ወሩ ኃላፊነት ያለው ሰው በፊርማው ማጽናት አለበት። የቦይለርና የግፊት ታንክ ሥራን በሚገዛው የአሜሪካ ደንብ አሠሪው የራሱን በያጆች ራሱ የማስፈተን ኃላፊነት ስላለበት፣ ሥራ ስትቀይሩ እንደገና መፈተናችሁ ክብር መንካት አይደለም። ስለሆነም የፈተናችሁን ሙሉ መዝገብ፣ ማለትም የተበየደው የብረት ዓይነት፣ ውፍረት፣ አቀማመጥና የተጠቀማችሁበት ኤሌክትሮድ የተጻፈበትን ቅጽ፣ በየጊዜው ቅጂውን ተቀበሉ። በተለይ በሳዑዲና በኤምሬትስ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ሰነዱ በድርጅቱ ቢሮ ቀርቶ እናንተ ባዶ እጃችሁን እንዳትወጡ ሥራው ላይ እያላችሁ ጠይቁ። አንድ የማውቀው ወጣት ዓመታት የሠራበት ድርጅት ሲዘጋ በስልኩ ካነሳው ፎቶ በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

ከአገር ቤት የሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ ታክሲ የምትነዱ ወገኖች ለዚህ ሙያ በተለየ ሁኔታ ቅርብ ናችሁ። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የሚሰጠው የተቆጣጣሪነት ፈተና ትምህርትንም የሥራ ልምድንም አዳምሮ የሚቆጥር ሲሆን፣ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንዱ የብየዳን መሠረተ ሐሳብ ያለ መጽሐፍ የሚጠይቅ፣ ሌላው የመለኪያ መሣሪያ ይዞ የብየዳ ናሙና የሚያስመረምር፣ ሦስተኛው የደንቡን መጽሐፍ ገልጦ መልሱን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ፈልጎ ማግኘትን የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛው ክፍል እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነውን ሰው ይከብደዋል የሚባለው ትክክል አይመስለኝም፤ ማውጫውን በደንብ ያጠና ሰው ይወጣዋል። በአውሮፓ ያላችሁ መሐንዲሶች ደግሞ በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለውን ዓለም አቀፍ የብየዳ መሐንዲስ ዲፕሎማ ብታስቡበት መልካም ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችንም አንድ ነገር ልበላቸው። ልጃቸው «ብየዳ ልማር» ሲል ፊታቸው የሚጠቁር ቤተሰቦች በሁሉም ከተማ አሉ። ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» እያሉ የመናቅ ልማድ አፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት በአዋጅ ሊያስቀሩት የሞከሩት ነው፤ አትላንቲክን አሻግረን ባናመጣው ይሻል ነበር።

ስለ ጤና ጥቂት ማለት ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለተራ ብረት ሳይቀር ቤት ውስጥ የሚሠራ ብየዳ ጭስ መምጠጫ እንዲኖረው ታስገድዳለች። የማይዝግ ብረት ጭስ ክሮሚየም አለበት። ዚንክ የተቀባ ብረት የበየደ ሰው ደግሞ ማታውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት መጠጣት ጭሱን ያወርደዋል የሚባለው እምነት መሠረት የለውም፤ ወተቱ ወደ ሆድ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ማጣሪያ የተገጠመለትና ንጹሕ አየር የሚነፍስ የራስ ቁር ዋጋው ቢበዛም ከምትገዙት መሣሪያ ሁሉ መቅደም ያለበት እርሱ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ስለሚጠይቀው የእጅ ሌዘር። እውነት ነው፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ለሚሆን የማይዝግ ላሜራ ፈጣን ነው፣ ላሜራውንም ብዙ አያጣምመውም። ነገር ግን ሁለቱ ቁራጮች ክፍተት ሳይኖራቸው መግጠም አለባቸው፤ በግራይንደር በግምት የተቆረጠ ብረት ለሌዘር አይሆንም። ከዚህ የሚብሰው ጨረሩ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ከሌዘሮች ሁሉ አደገኛ በሆነው በአራተኛው መደብ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ተራው የብየዳ ማስክ አያስቆመውም፤ ከብረቱ ነጥሮ በክፍሉ ሌላ ጥግ የቆመን ሰው ዓይን በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። ለዚያው ጨረር የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽርና ሰው ሲገባ ማሽኑን የሚያጠፋ በር ያለው ዝግ ክፍል ከሌላችሁ አትግዙት። ለዘመድ ብላችሁ ወደ አገር ቤት ልትልኩት ካሰባችሁ ደግሞ፣ ልጆች በሚያልፉበት የመንደር ጋራዥ ውስጥ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አስቡት።

ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ መላክ የሚፈልግ ሰው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚቀበል፣ የኮረንቲ መዋዠቅ የሚችል፣ ኤሌክትሮድንም ቲግንም የሚሠራ ኢንቨርተር ማሽን ቢልክ ይጠቅማል። በአሜሪካ ቤቶች በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራው እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። የቀረጡን ሁኔታም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በርና መስኮት ለሚሠራ ጋራዥ የተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ በቂ ነው፤ የሕንፃ አጥንትና የውኃ ታንክ የሚሠራ ጋራዥ ግን 7018 ይፈልጋል፣ ይኸኛው ደግሞ እርጥበት አይወድም። ካርቶኑ ተከፍቶ በክረምት ሜዳ ላይ ከዋለ ሽፋኑ ውኃ ይስባል፤ ከውኃው የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ገብቶ ብረቱን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሰነጥቀዋል፤ በያጁ ደህና ነው ብሎ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። ኤሌክትሮዱን በ120 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆይ ትንሽ ምድጃ ከማሽኑ ጋር መላክ የማሽኑን ጥቅም እጥፍ ያደርገዋል።

በየክልሉ ያሉትን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መርዳት ለምትፈልጉ ማኅበራት ደግሞ ወጪው ከሁሉ ያነሰ ሐሳብ አለኝ። ብየዳን አጥፎ የሚፈትነው መሣሪያ ከወፍራም ላሜራ በተሠራ ማቀፊያና በአንድ የከባድ መኪና ሃይድሮሊክ ክሪክ በኮሌጁ ጋራዥ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። የክሪኩን ዋጋ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ ዕድር አባላት በአንድ እሑድ ያዋጡታል። የማቀፊያውን ንድፍና ልኬት ከብየዳ ደንቦቹ መጽሐፍ ላይ ወስዳችሁ በአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅታችሁ ላኩላቸው፤ አስተማሪውም የተማሪውን ብየዳ በዓይን አይቶ ነጥብ መስጠቱን ትቶ እየቆረጠና እያጠፈ ያርመዋል።