ሳይጨመርበት የሚበዛ የጀልባ ሞተር ዘይት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ የናፍጣ ጀልባ ያላቸው ጠያቂ፣ ምንም ሳይጨምሩ የሞተራቸው ዘይት በመለኪያው ዘንግ ላይ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል ማለፉን፣ የዘይት ግፊቱ መውረዱን፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ባለፈው ዓመት «ለሞቃት አገር አያስፈልግም» ተብሎ መውጣቱን ገልጸው፣ ትርፉን ዘይት ቀንሰው ሥራቸውን መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይቀጥሉ። ደኅና ሞተር ዘይት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ከበዛ ውኃ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ትርፉን ማፍሰስ ደግሞ መጠኑን ያስተካክላል እንጂ የቀረውን ዘይት አያድነውም።

አስቀድመው ጀልባው ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩ ከጠፋና ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ከወረደ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ከኋላ ጭነት ካለ ጀልባው ስለሚያዘነብል ልኬቱ ያሳስታል። ከዚያም ሞተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሳያስነሡት፣ ከኮፓው ግርጌ ናሙና ይውሰዱ። በብዙ ጀልባ ላይ ማፍሰሻው ብሎን እጅ ስለማይደርስበት፣ በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አስገብቶ በእጅ ፓምፕ መሳብ ይቀላል። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል፤ ከዘይቱ ጋር ተመትቶ ከሆነም ቀለሙ ማኪያቶ ይመስላል። እንዲህ ካገኙት ሞተሩን ፈጽሞ አያስነሡ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) እና ከጭስ ማውጫው በኩል ወደ ኋላ የሚመለስ ውኃ ይፈተሹ።

የእርስዎ ግን ናፍጣ ይመስለኛል። ዘይቱን ያሽትቱት፤ በጣትዎ መካከልም ይሹት፤ ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያሳርፉ። ናፍጣ ያለበት ዘይት ከጥቁሩ መሐል ውጭ ሰፊና ፈዛዛ ክብ ይሠራል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር፣ በተለይ ወደብ ላይ መንገደኛ ሲጠብቅ በዝግታ እየዞረ ሲቆይ፣ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፤ ያልተቃጠለው ናፍጣም የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ በፒስተኑ ቀለበቶች አልፎ ኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በአምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የናፍጣው ልክ ካልተቀነሰለትም ጥቁር ጭሱና ጥላሸቱ በዚሁ ላይ ይጨመራሉ።

ስለዚህ ቴርሞስታቱን ይመልሱ፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ዘይቱም በሞተሩ መመሪያ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። ግፊቱን ለመመለስ ወፍራም ዘይት የሚያዙ አሉ፤ ይህ ጌጁን ከማስደሰት በቀር ለብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ ለሚሽከረከርበት ብረት) አይጠቅምም። የተቃጠለው ዘይት ወደ ሐይቁ እንዳይገባ በጀሪካን ይውጣ፤ ለአጥር እንጨት የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ ለክተው ይመዝግቡ። ቴርሞስታቱ ተመልሶም መጠኑ ከጨመረ፣ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች በመሞከሪያ ይታዩ፤ በሞተሩ ጎን ላይ የታሰረው የናፍጣ መሳቢያ ፓምፕም ይፈታ፤ የውስጡ ላስቲክ ሲቀደድ ናፍጣውን በቀጥታ ወደ ኮፓው ይለቅቃልና።