መዝገብ የሌለው አቤቱታ፦ ለወጣት ሞተረኞች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድ በመንደፍና መንገድ ላይ ሰው ሲጎዳ ምክንያቱን በማጣራት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምግብ የምታደርሱት፣ ሰነድ የምታመላልሱት፣ በክልል ከተሞች ደግሞ ሰው የምትጭኑት እናንተ አልፎ አልፎ ትመጡና «አባባ፣ ማኅበር እያቋቋምን ነው፤ እስቲ ደብዳቤያችንን ይዩልን» ትሉኛላችሁ። አያለሁ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ሰው የጻፋቸው ነው የሚመስሉት፦ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ትራፊክ ያንገላታናል፣ ሲኖትራክ እየጨረሰን ነው፣ የሚመለከተው አካል አፋጣኝ መፍትሔ ይስጠን።

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጬ ስቀበል ስለኖርኩ መጨረሻውን ልንገራችሁ። ኃላፊው ጥግ ላይ «ለሚመለከተው» ብሎ ይመራዋል። የተመራለትም የሚመለከተው ሌላ ክፍል መስሎት ያስተላልፈዋል። በዚህ መሐል ክፉ ሰው የለም። ደብዳቤው ማንም ከወንበሩ ተነሥቶ ሊሠራው የሚችል ነገር ስላልያዘ ይንከራተታል።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦ «ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ድልድዩ ሳይደርስ በቀኝ በኩል ያለው የፍሳሽ ማስገቢያ ፍርግርግ ብረቶቹ የተዘረጉት ወደ ጉዞው አቅጣጫ ስለሆነ የሞተርና የብስክሌት ጎማ ይሰምጥበታል። በዚህ ክረምት እዚያ የወደቁ አባሎቻችን ቀንና ሰዓት ከፎቶ ጋር ተያይዟል።» ይህ ወረቀት የደረሰው መሐንዲስ «እኔን አይመለከተኝም» ለማለት ይቸገራል። ፍርግርጉን አንሥቶ ብረቶቹ መንገዱን በአግድም እንዲያቋርጡ አድርጎ መልሶ መግጠም ጨረታም ካቢኔም አያስፈልገውም። (ክዳኑ ተሰርቆ ለብረት ካልተሸጠ ማለቴ ነው፤ ከተሸጠማ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል።)

መንገድ የሚነድፍ ሰው በአብዛኛው የሚያስበው ስለ ባለ አራት ጎማ ነው። እኛ ስንማርም እንደዚያ ነበር የተማርነው። ዝናብ የመታው የዜብራ ቀለም፣ ከአስፋልቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ የጉድጓድ ክዳን፣ ከግንባታ መኪና ተራግፎ መታጠፊያ ላይ የቀረ ጠጠር፣ ኮብልስቶኑ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ጠርዝ፣ ሌሊት ቀለም የሌለው የፍጥነት መቀነሻ፤ እነዚህ ለመኪና ነጂ ጎርበጥ ብለው የሚያልፉ ናቸው። እናንተን ግን አጥንት ይሰብሯችኋል። ባለመኪናው ስለማይሰማው አይናገርላችሁም፤ መሐንዲሱም ቢሮ የሚመጣው በመኪና ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የማገኘው ከአውሮፓ የመንገድ ዳር ብረት ታሪክ ነው። በገደል አፋፍና በኩርባ ላይ በቋሚዎች ተደግፎ የተዘረጋውን የብረት ከለላ ታውቁታላችሁ። ከመንገድ የሚወጣ መኪናን ለመመለስ የተሠራ ነው፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። የወደቀ ሞተረኛ ግን የሚመጣው አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ ነው። በብረቱ ሥር ባለው ክፍተት ይገባና ቋሚውን በአንገቱ ወይም በደረቱ ያገኘዋል። ነፍስ ለማዳን የተተከለው ብረት ነፍስ ያጠፋል፤ ወረቀቱ ላይ ሲሳል ሞተረኛ በማንም ሐሳብ አልነበረማ።

የፈረንሳይ ሞተረኞች ፌዴሬሽን ይህን ጉዳይ ለዓመታት ይዞ ሲሟገት አካሄዱን ልብ በሉ። ብረቱ ይነቀል አላሉም፤ ቢሉ ኖሮ በማግስቱ የባለመኪናዎች ነፍስ ጠላት ይባሉ ነበር። የጠየቁት ከዋናው ብረት በታች ክፍተቱን የሚሸፍን ሁለተኛ ብረት እንዲጨመር ነው። ያም ገንዘብ እንደሚጠይቅ ስለሚያውቁ አደጋው የሚበዛባቸውን ጠባብ ኩርባዎች አስቀደሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 የፈረንሳይ መንግሥት በአዲስ መንገዶች ጠባብ ኩርባዎች ላይ ይህ እንዲደረግ መመሪያ አወጣ። ዛሬ በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም እንዲህ ያለውን ታችኛ ብረት ታያላችሁ። ሰው እየሞተ እያየ «ጠባብ ኩርባዎቹን ብቻ» ብሎ ለመጠየቅ ሆደ ሰፊነት ይጠይቃል። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም ዛሬ የሚለው አባል «ትንሽ ጠየቃችሁ» ብሎ ይጮሃልና።

ስለዚሁ ፌዴሬሽን አንድ ነገር ልጨምር። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን መነሻው በትልልቅ ሞተሮች ላይ የተጣለው ግብር የቀሰቀሰው ቁጣ ነበር። ቁጣ ደግሞ ሰልፉ ሲበተን አብሮ ይበተናል። ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው። ለሞተረኛ የሚጠየቀው የመድን ዋጋ አልቀመስ ቢላቸው በ1983 የራሳቸውን የመድን ማኅበር መሠረቱ፤ ሞተር መንዳት የሚያስተምር ክፍልም አቋቋሙ። ዕድር ላለው ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። በእናንተ በኩል ክፍተቱ የት እንዳለ እወቁ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የምትገቡት የሦስተኛ ወገን መድን፣ ስሙ እንደሚለው፣ የሚክሰው እናንተ የጎዳችሁትን ሰው ነው። አዋጁ በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሁሉ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና ይፈቅዳል፤ እግሩ ተሰብሮ ወራት ለሚተኛ ሞተረኛ የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ግን የለም። ማኅበራችሁ ከመፈክር በፊት ለተጎዳ አባል የሚደርስ መዋጮ ቢጀምር፣ ገንዘቡን ለማውጣት ስትሉ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ መመዝገባችሁ አይቀርም። እኔም የምፈልገው ያንን መዝገብ ነው።

ለምን አጥብቄ እንደማነሣው ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሃሪ ኸርት የተባለ የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስና አካባቢው የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ከነባልደረቦቹ ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ ውጤቱን አወጣ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጩት ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ ነፍጎ አደጋውን ያደረሰው የሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ነበር። ሞተረኛውን ጨርሶ አላዩትም፣ ወይም ያዩት ጊዜው ካረፈደ በኋላ ነው። «ሞተረኛ ሁሉ እብድ ነው» ለሚላችሁ ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ቀንም መብራት አብርቶ መንዳትና ደማቅ ልብስ መልበስ የሚመከረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ጥናቱን ግማሹን ብቻ ይዛችሁ ስብሰባ እንዳትገቡ፤ ሌላው ግማሽ በባለሥልጣኑ እጅ ሊሆን ይችላል። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው ከጓደኛ ከዘመድ ወይም በራሳቸው የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወደቁበትን ሞተር ከያዙ አምስት ወር አልሞላቸውም። ሲደነግጡ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ጎማውን ያንሸራትቱታል፤ ዋናውን ኃይል የያዘውን የፊቱን ግን አይጠቀሙበትም። ከዚህም በላይ የሚያስቸግራችሁ አለ፦ ጥናቱ የመንገድ ብልሽትን ምክንያት ያደረገው በ2 በመቶው ብቻ ነው። «መንገዱ ገደለን» ስትሉ ይህን ቁጥር የሚያነሣ ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትላላችሁ? የሎስ አንጀለስ አስፋልት የእኛ አስፋልት አይደለም ማለት ትችላላችሁ፤ እውነትም ነው። ዳኛ ፊት ግን «የእኛ ይለያል» የሚል ሰው ልዩነቱን እንዲያሳይ ይጠየቃል። የምታሳዩት መዝገባችሁን ነው።

ስለ ፍትሐዊ አያያዝም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ታከለ ኡማ ሞተር ለቅሚያና ለሌላ ወንጀል እየዋለ መሆኑን ጠቅሰው፣ ከሰኔ 30 ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር በአዲስ አበባ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ አገዱ። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ በሞተር የሚቀማ ሌባ ነበር። ቅጣቱ ግን በተሽከርካሪ ዓይነት እንጂ በጥፋት አልተለየም። ሚኒባስ ውስጥ ኪስ ስለሚወለቅ ሚኒባስ ይቁም ያለ ሰው አልሰማሁም። ሆኖም ራሳችንን እንጠይቅ፦ ያን ጊዜ አንድ ወገን ተነሥቶ «ሕጋዊዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ታርጋቸውና የሚሠሩበት ቦታ ይኸው» ማለት ይችል ነበር? የተረፈው አስቀድሞ ስሙ በአንድ ዝርዝር ላይ የነበረው ነው። ናይሮቢ ላይም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ጥቂት የቦዳ ቦዳ (ሰው የሚጭን ሞተር) ነጂዎች በአንዲት ሴት አሽከርካሪ ላይ አሳፋሪ ጥቃት ስላደረሱ በሁሉም ላይ ዘመቻ ታወጀ፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ ቆመ። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ከአስተዳደሩ ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ተወካይ ከሌላችሁ ስለ እናንተ የሚወስነው የተናደደ ሰው ነው።

ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መንገድ ላይ አትሟገቱ። እሱም ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ነው። የቅጣት ወረቀቱን ተቀብላችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባላችሁትን ጥፋት ማታ መዝገባችሁ ላይ አስፍሩ። በአንድ ወር ውስጥ ብዙ አባላት በአንድ ቦታ በአንድ ጥፋት ከተቀጡ፣ ወይ ምልክቱ አይታይም፣ ወይ እናንተ ያጠፋችሁ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አለ፤ ሦስቱም ለኃላፊው ሊቀርቡ የሚችሉ ናቸው። በነገራችን ላይ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መስመር የእናንተ አይደለም። የእግረኛው መንገድማ ጭራሽ። ታርጋ ሸፍኖ የሚነዳ አባል ካላችሁ ከፖሊስ በፊት እናንተ ቅጡት።

ሄልሜትን በተመለከተ ክርክር አልፈልግም፤ ግን ታሪኩን ልንገራችሁ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1973 ሄልሜት ግዴታ ሲሆን፣ ነፃነታችን ተነካ ያሉ ሞተረኞች በዚያው ዓመት ማኅበር መሠረቱ። ፍሬድ ሂል የተባሉ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ያለ ሄልሜት እየነዱ ቅጣቱንም አልከፍልም እያሉ ደጋግመው ታሰሩ፤ በ1984 በ74 ዓመታቸው እዚያው እስር ቤት ሞቱ። ሰውዬውን አከብራቸዋለሁ። ያን ሁሉ ጽናት ግን በተሳሳተ ጉዳይ ላይ ያዋሉት ይመስለኛል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ያወጣው ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እናንተ መታገል ያለባችሁ ገበያ ላይ የሚሸጠው ፕላስቲክ ቆብ ደረጃው እንዲፈተሽና ለተሳፋሪም ሁለተኛ ሄልሜት እንዲኖር ነው። ቀጣሪ ድርጅት ሣጥኑን ሰጥቶ ሄልሜቱን «ራስህ ግዛ» ካለም ተባብራችሁ ጠይቁት።

ትልቅ ነገር መጠየቅ ሲኖርባችሁ «ለሙከራ» በሉ። ለንደን ውስጥ ሞተረኞች በዋና ዋና መንገዶች የአውቶቡስ መስመር እንዲጠቀሙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በሙከራ ነው፤ ውጤቱ እየተለካ ቆይቶ በ2012 ቋሚ ሆነ። ባለሥልጣን ለዘለዓለም ከሚፈርመው ይልቅ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ የሚፈርመው ይቀለዋል፤ ቢበላሽ ሊመልሰው ይችላላ። ለሙከራው የምትመርጡትን መንገድ ግን ራሳችሁ ምረጡ፤ ሰፊና የአውቶቡስ ምልልስ የሳሳበት ይሁን።

ጊዜውንም እወቁት። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። (የ2011ዱ እገዳ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቀን ላይ መዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚሰናዳው ግን ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። በግንቦት የሚደርስ አቤቱታ፣ ይዘቱ ምንም ቢሆን፣ ገንዘብ የሚያገኘው በሚመጣው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ክረምት ሙሉ የወደቃችሁበትን መዝግቡ፤ በጥቅምትና በኅዳር ቦታዎቹን በእግራችሁ ዞራችሁ ፎቶ አንሡ፤ በታኅሣሥ አደጋ የበዛባቸውን አምስት ቦታዎች ብቻ መርጣችሁ ለመንገዱ ባለሥልጣን በሁለት ቅጂ አስገቡ። አንደኛው ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስደርጉበት። በየካቲት ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ስትሄዱም ሄልሜታችሁን አውልቃችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ አንዳችሁ ሴት ሞተረኛ ብትሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሴቶቹ የሚነግሩኝ የማታ ጨለማ ቦታዎች ከወንዶቹ ደብዳቤ ላይ አይቻቸው አላውቅም።