ስፓኒሽ ለመማር ስፔን ልሂድ ወይስ ሜክሲኮ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የነርሲንግ ቅድመ ኮርሶቼን እየጨረስኩ ነው፤ ዋናው ትምህርት በፎል ይጀምራል። በትርፍ ሰዓቴ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ናቸው። ሰመር ላይ ለስምንት ሳምንት ስፔን ወይም ሜክሲኮ ሄጄ ቋንቋውን ጠልቄ መማር እፈልጋለሁ። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ስፓኒሽ ወስጃለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ጿሚ ነኝ። አባቴ ሜክሲኮ ሲባል ይደነግጣል። የት ልሂድ? ምን ላዘጋጅ? ስምንት ሳምንትስ ይበቃል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንጀምር። ስምንት ሳምንት ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን በስፓኒሽ ሥራ መሥራት እስኪችሉ ድረስ ለማስተማር ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይመድባል። አንቺ በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትማሪ በስምንት ሳምንት የምታገኚው 160 ሰዓት ነው። ቀሪው የሚመጣው ከመሄድሽ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ከምትሠሪው፣ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ደግሞ ከክፍል ውጭ ከምታሳልፊው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አገሩ በራሱ የሚያስተምር ይመስለዋል። ከዜሮ ተነስቶ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ወር ሰላምታ፣ ቁጥርና የግስ እርባታ ሲያጠና ያሳልፋል። ይህን ግን ቤቱ ሆኖ በጥቂት ገንዘብ ይጨርሰው ነበር። የአውሮፕላን ትኬት መክፈል ያለብሽ ቤትሽ ለማይገኘው ነገር ነው፤ ለገበያው ፍጥነትና ለምሳ ጠረጴዛው ጨዋታ።

የት ለሚለው፣ ለአንቺ የምንመክረው ሜክሲኮን ነው። አንደኛው ምክንያት ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስፔን ለመግባት ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርዱ አያስቀርልሽም። ከ90 ቀን በታች ስለሆነ የሼንገን ቪዛ መጠየቅ ይኖርብሻል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ መግለጫ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና የቆንስላ ቀጠሮ ማለት ነው። ሜክሲኮ ግን የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የሆነን ሰው የየትም አገር ፓስፖርት ቢይዝ እስከ 180 ቀን ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አጭር ኮርስ መማርም ይቻላል። መሥራት ግን አይፈቀድም።

ሁለተኛው ምክንያት ጆሮሽ ነው። በአብዛኛው ስፔን አንዳንዱ «ስ» ምላስን ጥርስ መሃል አስገብቶ ነው የሚነገረው፤ «እናንተ» ለማለትም «ቮሶትሮስ» ይላሉ። የክሊኒክሽ ታካሚዎች ሁለቱንም አይጠቀሙም። የሜክሲኮው አነጋገር ለእነሱ ይቀርባል። አንድ ልዩነት ብቻ ቀድመሽ እወቂ፦ ሜክሲኮ «አንተ፣ አንቺ» ለማለት «ቱ» ሲባል፣ የኤል ሳልቫዶር ሰው ከቅርቡ ጋር ሲያወራ «ቮስ» ይላል፤ ግሱም አብሮ ይለወጣል፤ «ቱ ቲዬኔስ» የነበረው «ቮስ ቴኔስ» ይሆናል። ለታካሚ ግን ሁልጊዜ «ኡስቴድ» በዪ፤ «እርስዎ» ማለት ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሜክሲኮን በጅምላ ብቻ አይመዝንም። ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ከ1 እስከ 4 የስጋት ደረጃ ይሰጣል፤ 4 «አትሂዱ» ማለት ነው። ዩካታን ለዓመታት በደረጃ 1 ላይ የቆየ ክፍለ ግዛት ነው። ዋና ከተማው ሜሪዳ የቋንቋ ትምህርት ቤቶችና ተማሪ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ያሉበት ነው። ገጹን አብራችሁ ክፈቱና አሳዪው። ሙቀቱ ግን ከባድ ነው፤ በሰመር ከ35 ዲግሪ በላይ የተለመደ ስለሆነ የምትተኚበት ክፍል ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠይቂ። የኮሌጅ ክሬዲት ማስቆጠር የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተው የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገር ሰዎች ማስተማሪያ ማዕከል አለ፤ እሱ ያለው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ኮሌጅሽ ኮርሱን እንደሚቀበል ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ አግኚ። በቃል «ችግር የለውም» የተባለ ኮርስ ስትመለሺ ላይቆጠር ይችላል። የነርሲንግ ትምህርት ደግሞ ኮርሶቹ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንድ ሴሚስተር ማጉደል ዓመት ሊያስቆጥርሽ ይችላል፤ ሰመርን መምረጥሽ ትክክል ነው።

ከመነሳትሽ በፊት 12 ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት ስጪው፤ 84 ሰዓት ይሆናል። ሃያውን ደቂቃ በቀስታ የሚነገር ስፓኒሽ አዳምጪ፤ ሃያውን ለግስ ስጪ፤ ሃያውን ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪና በስልክሽ ቅረጪ። ከግሱ የአሁኑን ጊዜና ሁለቱን ያለፉ ጊዜያት ሳትይዢ አትሂጂ፤ ማንም ሰው እራት ላይ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ነውና የሚልሽ። ሁለቱ ያለፉ ጊዜያት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ተማሪ ያደናግሩታል። አንቺ ግን «ሄድኩ» እና «እሄድ ነበር» ማለት ታውቂያለሽ፤ «ፉዊ» የመጀመሪያው፣ «ኢባ» የሁለተኛው ነው።

ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል አትተርጉሚው፤ በአማርኛ በኩል መንገዱ ያጥራል። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል፤ «እኔ ቡናን እወዳለሁ» ብሎ ስለሚያስብ። በአማርኛ «ቡናው ጣመኝ» እንደምንለው ነው፤ ባለቤቱ ቡናው ነው፤ እኔ «ኝ» ላይ ነኝ። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ «ራሴን ያመኛል» ነው። ነገ ታካሚ ፊት ቆመሽ «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ስትዪ «የት ጋ ያምዎታል?» እያልሽ ነው፤ «ሌ» የሚለው ቦታ ላይ «ዎት» አለ። ግሱ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝም «ዮ» እያልሽ «እኔ፣ እኔ» ማለት አያስፈልግሽም።

አነባበብ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግርሻል። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ አማርኛ ሰባት። ትርፎቹ፣ የግዕዙና የሳድሱ ድምፅ፣ ሳይጠሩ ይገባሉ። «ፔሮ»ን «ፐሮ» ካልሽው ይበላሻል፤ «ት» እና «ር» ተከታትለው ሲመጡም መሃላቸው ትንሽ «እ» ታስገቢያለሽ። ሁለተኛው የ«ት»፣ የ«ክ» እና የ«ፕ» ጉዳይ ነው፤ «ጥ»፣ «ቅ» እና «ጵ» አታድርጊያቸው። በሌላ በኩል ሌላው የሚቸገርበትን «ር» አንቺ በተፈጥሮ ይዘሽዋል። «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፤ ሲጠብቅ «ውሻ» ነው። «ገና»ን አላልተሽና አጥብቀሽ ሁለት ትርጉም እንደምትሰጪው መሆኑ ነው። ሜሪዳ ከሄድሽ ደግሞ የአካባቢው የማያ ቋንቋ «ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ» አምስቱም አሉት። የቤቱ እመቤት የማያ ስም ስታስተምርሽ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ አጥርተሽ ትጠሪዋለሽ።

ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቂ፦ ክፍሉ ውስጥ ከስንት ተማሪ አይበልጥም? አንዱ «ሰዓት» 60 ደቂቃ ነው ወይስ 50? የመግቢያ ፈተናና የመጽሐፍ ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ? የሕክምና ስፓኒሽ ለብቻው ይሰጣል? ማረፊያሽን ቤተሰብ ጋር አድርጊና «ሌላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ በሌለበት ቤት» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉ በላይ የሚያከስረው ይህ ነው፤ ሁለት አሜሪካዊ ተማሪዎች አንድ ቤት ካደሩ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ቤቱ እንግሊዝኛ ቤት ይሆናል።

ጾሙን ቀድመሽ አስረጂ። ሰኔና ሐምሌ ከሄድሽ የሰኔ ጾም አለብሽ፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ይቀጥላል። «ኖ ኮሞ ካርኔ» ብቻ ካልሽ ዶሮ ይቀርብልሻል፤ «ካርኔ» ለብዙዎቹ የበሬ ሥጋ ነውና። «ፖዮ፣ ዌቮ፣ ሌቼ፣ ኬሶ» እያልሽ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ አንድ በአንድ ጥሪ። ሥጋ የሌለው የሚመስለውም ምግብ ያታልላል፤ ተፈጭቶ የሚጠበሰው ባቄላና ታማሌ (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ) ብዙ ጊዜ በ«ማንቴካ» ይሠራል፤ የአሳማ ስብ ነው። «ማንቴኪያ» የሚባለው ቅቤ ነው፤ ሁለቱን አታምታቺ። የበቆሎ ቶርቲያና በድስት የተቀቀለ ባቄላ ያለ ስብ ይገኛል፤ «ኮን ኬ ሎ ፍሪዬ?» (በምን ነው የሚጠብሱት?) ብለሽ ጠይቂ። ዋናው ምግብ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ በፊት ክፍልሽን የምትጨርሺበት ፕሮግራም ምረጪ። የሰው ወሬ ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሐበሻን ልጅ እዚያ የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። ሳይገባት «ሲ፣ ሲ» ብላ ትነቀንቃለች፤ ተናጋሪውም ገብቷታል ብሎ ይቀጥላል፤ ስምንት ሳምንት እንዲሁ ያልፋል። ሜክሲኮ ለዚህ የሚሆን የጨዋ ቃል አላት፦ «ማንዴ?»። ቁርጥ የእኛ «አቤት?» ነው፤ ሲጠሩሽም፣ ሳትሰሚ ስትቀሪም ይሆናል። በቀን ሃያ ጊዜ ብትይው ማንም አይቀየምሽም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጭንቅላትሽ ይደክማል፤ ከበፊቱ የባሰብሽ ይመስልሻል። በዚያ ሳምንት ነው ስልክ የሚበዛው፤ ከቤተሰብ ጋር በየማታው ሁለት ሰዓት አማርኛ የሚያወራ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ቀንሶታል። ለእናትሽና ለአባትሽ እሑድን አንድ ሰዓት፣ በሌላው ቀን አሥር ደቂቃ ብለሽ ከመሄድሽ በፊት ተስማሚ።

ወረቀቱን ቶሎ ያዢ። ፓስፖርትሽ ሊያልፍበት የደረሰ ከሆነ ዛሬ እድሳት ጀምሪ። ዋናውን ግሪን ካርድ ያዢ፤ ፎቶኮፒ አይሠራም። አየር መንገዱ ቆጣሪ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይቶ «ቪዛሽ የት አለ?» ቢል ካርዱን አሳዪ። የሜክሲኮ መኮንን የተፈቀደልሽን የቀን ብዛት ይጽፋል፤ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው፤ ከ60 ካነሰ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና የመመለሻ ትኬቱን አሳይተሽ ጠይቂ። ግሪን ካርዱ ከጠፋ ሜሪዳ ውስጥ የአሜሪካ ቆንስላ አለ፤ ለመመለስ የምትሞዪው ፎርም አይ-131ኤ ይባላል። የአሜሪካ ኢንሹራንስሽ እዚያ ላይሠራ ስለሚችል የጉዞ ኢንሹራንስ ግዢ፤ የሄፓታይተስ ኤ እና የታይፎይድ ክትባት ከመነሳትሽ ከአንድ ወር በፊት ውሰጂ። የቧንቧ ውኃ አትጠጪ።

ስትመለሺ ክሊኒኩ «ታውቂያለሽ፣ ተርጉሚልን» ቢልሽ ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ ወጣት ቤተሰብ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ በኩባ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ጎድቶታል ማለት ነው። ሐኪሞቹ ዕፅ ወስዷል ብለው ተረዱት፤ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰሱ ሳይታይ ቆይቶ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፤ ክሱ ያለቀው በ71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። «ኤምባራሳዳ»ም «አፈረች» ሳይሆን «አረገዘች» ነው። ሰላምታና ቀጠሮ በራስሽ ያዢ፤ ምርመራና ፈቃድ ላይ ግን ብቁ አስተርጓሚ ይጠራ። ያንን ሥራ ራስሽ ከፈለግሽው ብሔራዊው የምስክር ወረቀት ቢያንስ 40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ይጠይቃል። ደረጃሽን ለማሳየት «ሲዬሌ» የተባለው የኮምፒውተር ፈተና አለ፤ የንግግሩን ክፍል ብቻ መርጠሽ መፈተን ትችያለሽ፤ ውጤቱ 5 ዓመት ይቆያል። «ዴሌ» የተባለው ሌላው ፈተና ውጤት ጊዜ አያልፍበትም፤ ግን የመረጥሽውን ደረጃ ካላለፍሽ ምንም አትይዢም። ለአንቺ ለዘንድሮ ሲዬሌ ይሻላል።

ለቤተሰቡ ስጦታ ከፈለግሽ ጀበና ውሰጂ። ቡናው የተቆላና የታሸገ ይሁን፤ ጥሬ ቡና ጉምሩክ ላይ ይያዛል። የመጀመሪያው እሑድ ላይ አፍዪላቸው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለ፣ ሜክሲኮ ሲቲም የአንበሳ ራስ ምልክት ያለው ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ እንዳላት፣ ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ዕውቅና እንዳልሰጠች ንገሪያቸው። አቦል፣ ቶናና በረካን በስፓኒሽ የምታስረጂበትን አሥር ዓረፍተ ነገር ከመሄድሽ በፊት ጽፈሽ፣ ለአንድ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሥራ ባልደረባሽ አንብበሽ አሳርሚው።