ጥያቄና መልስ፦ ከዜና ክፍል ወደ በጎ አድራጎት

ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ዘገባዬም ስለ በጎ አድራጎትና ለዓላማ ስለቆሙ ንግዶች ነበር። አሁን የእርዳታ ድርጅቶችን በኮሙኒኬሽን ሥራ አግዛለሁ። ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከዜና ክፍል ለምን ወጡ?

አንድ ትምህርት ቤት የደብተር ስጦታ ልንዘግብ ሄድን። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ደብተር ሦስት ጊዜ ተቀበለች። ካሜራው አልያዘውም እየተባለ ነው። በሦስተኛው ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም። ዜናው ማታ ተላለፈ። ልጅቷ እስከ ሰኔ ትማር፣ ታቋርጥ፣ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ።

ጥያቄ፦ በጎ አድራጎትና ማኅበራዊ ንግድ በምን ይለያያሉ?

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እዩ። በጎ አድራጎት በልግስና ይኖራል፤ ማኅበራዊ ንግድ ግን ለዓላማው ሲል ሸጦ ራሱን ይችላል። ክብርት ዶ/ር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ሰው በረሃብ ሲረግፍ አዩ። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ፤ ይዘዋት ተመለሱ። ቤታቸው በወላጅ አልባ ልጆች ተሞላ። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ልግስና አይቆምም። ቤተልሔም ጥላሁን ደግሞ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ በእጅ የተሠራ ጫማ ይዛ ተነሳች። ሶሉ ከአሮጌ ጎማ ነው፣ እንደ በረባሶ። ድርጅቷ ሶልሬብልስ ጫማውን ውጭ አገር ሸጦ ለሠራተኛው ደመወዝ ከፈለ። መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ ሁለቱን አጣምራለች። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟታል።

ጥያቄ፦ የእርዳታ ድርጅት እንዲነግድ ሕጉ ይፈቅዳል?

አዎ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይፈቅዳል። ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለአባላት ኪስ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከመለገሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ አታፍሩ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ጋዜጠኛ ነኝ። መግለጫ ላይ «ለትራንስፖርት» ተብሎ የሚሰጠውን ፖስታ ልቀበል?

ወንድሜ፣ አትቀበል። ደመወዙ ከቤት ኪራይ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ግን ፖስታው ኪስህ ከገባ በኋላ «የአምናው ፕሮጀክት የት ደረሰ?» ብለህ ለመጠየቅ አፍህ ይያዛል። የታክሲህን ከራስህ መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የተቸገረ ሰውን ማሳየት ነውር ነው?

አይደለም። የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በጥቅምት 1984 (እ.ኤ.አ.) ከኮረም ያሳዩት ረሃብ ዓለምን አነቃነቀ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ተካሄደ። ያ ዘገባ ሕይወት አድኗል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ዓለም እኛን የሚያውቀን በዚያ ምስል ብቻ ሆነ። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቅ፣ ስማቸውን በትክክል ጻፍ፣ ደግሞም ተመለስ። የውሃ ጉድጓድ ሲመረቅ ከዘገብክ በዓመቱ ሂድና ውሃ የሚቀዱትን እናቶች አነጋግር። ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ ይነግሩሃል።