ጎማው ከመሬት ሲነሣ ክብደቱ የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከኋላ ሁለት አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኝ ዘንግ) ያላቸው የጭነት መኪኖች ባዶአቸውን ሲሄዱ አንደኛው አክስል ከነጎማው ተነሥቶ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ አያለሁ። ረጃጅም አውቶቡሶችም ሦስተኛ አክስል አላቸው፤ የእነርሱ ግን ሲነሣ ያየሁት ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞሩ ብቻ ነው። አክስሉን የሚያነሣው ምንድን ነው? ሾፌሩ መኪናው ተጭኖ ሳለ ቢያነሣውስ ምን ይከተላል?

መልስ፦ በጠቀሷቸው መኪኖች ላይ ከኋላ ካሉት ሁለት አክስሎች የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ለአንደኛው፣ ማለትም ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ማርሽ) ላለው ለነጂው አክስል ብቻ ነው። ሌላው ሸክም ይሸከማል፣ ፍሬንም ይይዛል እንጂ መኪናውን አይነዳም፤ በመሆኑም ቢነሣ ጉዞው አይቋረጥም። ይህ አክስል በአብዛኛው የሚያርፈው በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ላይ ሳይሆን በአየር ከረጢቶች ላይ ነው። ሸክም የሚይዙት ከረጢቶች በመኪናው የብረት አጽም (በሻንሲው) እና በአክስሉ መካከል ሆነው አክስሉን ወደ መንገዱ ይጫኑታል፤ የማንሻው ከረጢት ግን አክስሉን የያዘውን ክንድ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ቫልቩ የሸክም ከረጢቶቹን አየር ያስወጣል (አጠገቡ ለቆመ ሰው ረጅም ትንፋሽ የሚመስለው ድምፅ ይኸው ነው)፤ ማንሻውንም ኮምፕሬሰሩ ባጠራቀመው አየር ይሞላዋል። ያው አየር ለፍሬንም የሚያገለግል በመሆኑ፣ የፍሬኑ ድርሻ እንዳይነካ የሚጠብቅ ሌላ ቫልቭ በመካከሉ ይገኛል።

አክስሉ ሲነሣ ክብደቱ አይጠፋም፤ ወደ ቀሩት አክስሎች ይተላለፋል። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ በመኪናው ሥሪት ይወሰናል። በዘመናዊዎቹ ላይ በነጂው አክስል ከረጢቶች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ያገለግላል፤ ጭነቱ ሲጨምር ግፊቱም ስለሚጨምር፣ ከተወሰነው ልክ ካለፈ መቆጣጠሪያው ሾፌሩን ሳይጠይቅ አክስሉን ያወርደዋል። በእጅ ቫልቭ ብቻ በሚሠሩት ላይ ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የሾፌሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ አጠገብ ከተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ በኋላ የታወቀው ደንብ እንደሚለው፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት ከአክስሉ ጭነት አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ማለትም ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ሁለት አክስሎች በእኩል የተካፈሉት 12 ቶን በአንዱ ላይ ብቻ ቢያርፍ፣ በዚህ ስሌት መንገዱ የሚጎዳው፣ በሁለት ፈንታ አንድ አክስል ብቻ ስለሚያልፍበት፣ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ጎማውና ቸርኬው የሚሸከሙት ትርፍ ጫና ሳይቆጠር ማለት ነው።

መኪናው ባዶ ሲሆን ግን ማንሣቱ ተገቢ ነው። ወደ ግራና ቀኝ በማይዞር አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን እየተፋቁ ስለሚያልቁ፣ መነሣታቸው ዕድሜያቸውን ያራዝማል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። በሚያንሸራትት ዳገት ላይ ደግሞ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ክብደቱ ወደ ነጂው አክስል ስለሚሸጋገር ጎማዎቹ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለዚህ ሲባል በቀሩት አክስሎች ላይ ከተፈቀደው ጭነት እስከ 30 በመቶ ትርፍ ለአጭር ጊዜ ይፈቅዳል፤ መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ አክስሉ በራሱ እንዲወርድም ያስገድዳል።

ወደ አውቶቡሱ ስንመጣ፣ ሞተሩ ከነጂው አክስል በስተጀርባ ስለሚቀመጥ ሦስተኛው አክስል ከሥሩ ሆኖ ይደግፈዋል። በብዙዎቹ ላይ የዚህ አክስል ጎማዎች ከመሪው ጋር ይዞራሉ፤ አውቶቡሱ በዝግታ ሲታጠፍ ከጎኑ ሆነው ቢመለከቱ የፊቶቹ ወደ ግራ ሲዞሩ የመጨረሻዎቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ያያሉ። ፍጥነት ሲጨምር ቀጥ ብለው ይቆለፋሉ። እርስዎ ያዩት ማንሣት (አንዳንዴም ጎማው መሬት ሳይለቅ አየሩን ብቻ መቀነስ) በመሬት ላይ የሚያርፉትን አክስሎች ርቀት ስለሚያሳጥር መዞሪያውን ያጠባል። በምላሹ የአውቶቡሱ ጅራት ወደ ውጭ ይበልጥ ይወረወራል፤ በግድግዳ አጠገብ የሚዞር ሾፌር ይህን ሊዘነጋው አይገባም። በጭነት መኪናም ቢሆን ሸክሙ ወደ ኋላ ካደላ፣ የመጨረሻው አክስል ሲነሣ ነጂው አክስል እንደ ሚዛን ምሰሶ ሆኖ የፊቱን ጎማዎች ያቀላቸዋል፤ መሪውም ባዶ የሆነ ያህል ይለሰልሳል። የሚነሣው አክስል ከነጂው ፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የፊቱ ጎማዎች ይከብዳቸዋል።

በራሱ የሚዞር፣ ከመሪው ጋር ግን ያልተያያዘ አክስል ሲሆን፣ ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት መቆለፍ ወይም መነሣት አለበት፤ አለበለዚያ ጎማዎቹ በተገላቢጦሽ ይጠማዘዛሉ። በተጨማሪም የተንጠለጠለ ጎማ አየር ቢጎድለውም ሸክም ስለማያርፍበት ሆዱ አይንቦረቀቅም፣ ለዓይንም ጤነኛ ይመስላል፤ ስለዚህ ለሳምንታት ሳይወርድ የቆየ አክስል ጭነት ከመቀበሉ በፊት የጎማዎቹ አየር በመለኪያ መታየት አለበት።