ብርሃንና ኤሌክትሪክ የተበከለ ውሃን ሲያጸዱ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ብርሃኑ ብቻውን አይበቃም? ኤሌክትሪክ ለምን አስፈለገ?

ሥራውን የሚጀምረውስ ብርሃኑ ነው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ታውቃላችሁ፤ ለግድግዳ ቀለም ንጣቱን የሚሰጠው ዱቄት ነው። አልትራቫዮሌት (ዓይናችን የማያየው የብርሃን ዓይነት) ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል። ክፍት የቀረው ቦታ ደግሞ ከውሃው ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጥራል። ይህ ራዲካል ያገኘውን ኦርጋኒክ (በካርቦን ላይ የተገነባ) ሞለኪውል ይቆራርጣል፤ መድኃኒት ይሁን ፀረ ተባይ አይመርጥም።

ችግሩ፣ አብዛኛው ኤሌክትሮን ወዲያው ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ብርሃኑ ባከነ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዱቄቱን ኤሌክትሮድ (ውሃው ውስጥ የሚገባ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሰሌዳ) ላይ ለጥፈን ትንሽ ቮልቴጅ ስንሰጠው ኤሌክትሮኑ በሽቦ ተስቦ ወደ ሌላኛው ኤሌክትሮድ ይሄዳል። ዱቄቱንም ከውሃው የማጥለል ጣጣ ይቀርልናል።

ማን ጀመረው?

ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ነው መንገዱ የተከፈተው። እነሱ ግን ብክለት አላጠፉም፤ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው የከፈሉት።

የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ቀለሙ ከጠፋ ጸዳ ማለት ነው?

አይደለም! ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። «አዞ» (azo) በሚባሉት የጨርቅ ማቅለሚያዎች ውስጥ ቀለሙን የሚሰጠው ሁለት ናይትሮጅኖች የተያያዙበት ማሰሪያ ነው። እሱ ከተበጠሰ ውሃው ጥርት ይላል። ቁርጥራጮቹ ግን እዚያው አሉ፤ አንዳንዶቹ ከማቅለሚያው የባሰ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «ቀለሙ 95 በመቶ ጠፋ» ሲሏችሁ፣ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦኑስ (ውሃው ውስጥ የቀረው የኦርጋኒክ ነገር ሁሉ ልክ) ስንት ቀነሰ ብላችሁ ጠይቁ። ጨውም አትርሱ። የማቅለሚያ ቤት ፍሳሽ ጨው ይበዛበታል። ኤሌክትሮዱ ላይ የጨው ክሎራይዱ ወደ ክሎሪን ይቀየርና ከቁርጥራጮቹ ጋር አዲስ ብክለት ሊፈጥር ይችላል።

ለእኛ አገር ፀሐይ አትበቃም?

ከፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች የሚታየውን ብርሃን ጭምር የሚጠቀም እንደ ቢስመዝ ቫናዴት ያለ ነገር የሚሞክሩት። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ አያልፍም፤ ቀድሞ መጥለል አለበት።

በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ያጠፋልን ይሆን?

አያጠፋም። ፍሎራይድ ኦርጋኒክ አይደለም፤ የሚቆራረጥ ነገር የለውም። ከውሃው ተይዞ መውጣት ነው ያለበት፤ ለምሳሌ በአጥንት ከሰል ማጣሪያ።